የሃሌይ ኮሜትን ምህዋር በትክክለኛ ልኬት መሣል፦ በክርና በሁለት መርፌ

ስለ ሃሌይ ኮሜት (ጅራታም ኮከብ) በተነሣ ቁጥር የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ «በየ75 ዓመቱ ብቅ የምትል ከሆነ በመሃሉ የት ነው የምትከርመው?» መልሱ «ከኔፕቱን ማዶ» ነው፤ ግን እንዲህ ሲባል ለሰሚው ምንም አይጨበጥም። በየመጽሐፉ የሚታየው ሥዕልም ገጹ እንዲበቃው ተብሎ የተጨማደደ ስለሆነ ርቀቱን አይነግራችሁም። ስለዚህ ራሳችሁ ሣሉት። ግማሽ ቀን የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ሲያልቅ ኮሜቷ በፈለጋችሁት ዓመት የት እንዳለች በማስመሪያ ለክታችሁ ማሳየት ትችላላችሁ።

ቁጥሮቹ

በዚህ መመሪያ «አሃድ» የምንለው ከመሬት እስከ ፀሐይ ያለውን አማካይ ርቀት ነው፤ 149.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር። በወረቀታችን ላይ 1 አሃድ 2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል።

- ኮሜቷ ለፀሐይ እጅግ የምትቀርብበት ነጥብ (ቅርብ ጫፍ)፦ 0.586 አሃድ፤ በወረቀት 1.2 ሴ.ሜ
- እጅግ የምትርቅበት ነጥብ (ሩቅ ጫፍ)፦ 35.08 አሃድ፤ በወረቀት 70.2 ሴ.ሜ
- የሞላላው (የምህዋሩ ቅርጽ ሞላላ ነው) ሙሉ ርዝመት በወረቀት 71.3 ሴ.ሜ፣ ስፋቱ መሃል ላይ 18.1 ሴ.ሜ
- በቅርብ ጫፍ ያለፈችበት ቀን፦ የካቲት 2 ቀን 1978 ዓ.ም.
- ሩቅ ጫፍ ላይ ደርሳ የዞረችበት፦ ኅዳር 29 ቀን 2016 ዓ.ም.
- ወደ ቅርብ ጫፍ የምትመለስበት፦ ሐምሌ 21 ቀን 2053 ዓ.ም.

ሁሉም ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር 1986፣ 2023 እና 2061 ማለት ነው። ሁለቱን አቆጣጠሮች አታደባልቁ። 2053 እና 2061ን አምታቶ ነጥብ ያስቀመጠ ሰው ኮሜቷ ፀሐይን ታክካ በምታልፍበት ቀን 38 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርቃ ያገኛታል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ከ90 በ60 ሴ.ሜ የማያንስ ወረቀት (አንድ የፍሊፕ ቻርት ወረቀት ካልበቃ ሁለቱን ከጀርባ በፕላስተር አያይዙ)
- ወረቀቱን የሚያህል ቺፕውድ ወይም ሌላ ሚስማር የሚይዝ ጣውላ
- ሁለት ቀጫጭን ሚስማር፣ ወይም በመዶሻ የሚገባ ጠንካራ መርፌ
- 1 ሜትር ተኩል ያህል ቀጭን የጥጥ ክር፣ ጧፍ ወይም ሻማ
- የ1 ሜትር ማስመሪያ፣ ኮምፓስ፣ በደንብ የተቀረጸ ጠንካራ እርሳስ
- ለመጨረሻው ደረጃ፦ ቀጭን ካርቶን፣ ካተር፣ 20 ሴ.ሜ ቁመት ያለው ሣጥን

ሲባጎ አይሆንም፤ ጸጉራም ስለሆነ እርሳሱን ይይዛል። የናይለን ክርም አይሆንም፤ ስትስቡት ይለጠጣል። ተራ የጥጥ ክር በጧፍ ደጋግማችሁ ብታሹት አይለጠጥም፣ እርሳሱም ይንሸራተትበታል።

አሠራር

1. ወረቀቱን በጣውላው ላይ ወጥራችሁ አራቱንም ጥግ ለጥፉ። በቁመቱ መሃል ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። ከግራ ጠርዝ 8 ሴ.ሜ ገባ ብላችሁ በመስመሩ ላይ «ፀሐይ» ብላችሁ ነጥብ አድርጉ። ከዚያ ነጥብ ወደ ቀኝ 69.0 ሴ.ሜ ለክታችሁ ሁለተኛ ነጥብ አድርጉ። በሁለቱም ላይ ሚስማር ምቱ።

ሚስማሩ ቀጥ ብሎ ይቁም። ካርቶን ላይ ከተሰካ ክሩ ሲሳብ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ ሁለት ሚሊ ሜትር ማዘንበል እንኳ ሥራውን ያበላሸዋል። ቺፕውድ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

«ሁለተኛው ሚስማር የምን ምልክት ነው?» ብሎ የማይጠይቅ የለም። ምንም የለበትም። ሞላላ ፎከስ የሚባሉ ሁለት ነጥቦች አሉት፤ ሚስማሮቹ የተመቱት በእነሱ ላይ ነው፤ ፀሐይ ያለችው በአንደኛው ላይ ነው፤ ሌላው ባዶ ሕዋ ነው። ሥዕሉ ሲያልቅ ትነቅሉታላችሁ።

2. ክሩን ቀለበት አድርጋችሁ ቋጥሩ። ቀለበቱ ሁለት ድርብ ሆኖ ሲወጠር ርዝመቱ 70.2 ሴ.ሜ መሆን አለበት፤ ልክ የሩቅ ጫፍን ርቀት ያህል። ይህ በአጋጣሚ አይደለም። እርሳሱ ቀኝ ጫፍ ላይ ሲደርስ ክሩ ከፀሐይ ሚስማር እስከ እርሳሱ ድርብ ሆኖ ይዘረጋል፤ ያ ርቀት ሩቅ ጫፍ ነው።

በእጅ ይዞ መለካት አይሠራም። ሌላ ጣውላ ላይ ሁለት ሚስማር በ70.2 ሴ.ሜ ርቀት ምቱ፣ ክሩን ዙሪያቸውን አዙራችሁ ወጥሩና እዚያው ላይ ቋጥሩት። ቋጠሮው ሲጠብቅ ትንሽ ክር ይበላል፤ መጀመሪያ ላላ አድርጋችሁ ቋጥሩ፣ ለክታችሁ አስተካክሉ፣ ከዚያ አጥብቁ።

3. መሣል ከመጀመራችሁ በፊት ቀለበቱን ፈትሹ። ከሥራው ሁሉ ከባዱ ይህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው። ቀለበቱን በሁለቱ ሚስማሮች ላይ አጥልቁ፣ እርሳሱን ከውስጥ አስገቡና በመስመሩ ላይ ከፀሐይ በስተ ግራ ወጥሩት። የእርሳሱ ጫፍ ከፀሐይ ነጥብ 1.2 ሴ.ሜ ላይ ማረፍ አለበት።

ለምን ይህን ያህል ጥንቃቄ? የቀለበቱ ጠቅላላ ዙሪያ በ5 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢረዝም ቅርብ ጫፍ ከ1.2 ወደ 1.4 ሴ.ሜ ይሸሻል፤ የመሃሉ ስፋት ደግሞ ከ18.1 ወደ 20 ሴ.ሜ ይሰፋል። ቬነስ የምትዞረው በ1.4 ሴ.ሜ ላይ ነው። ስለዚህ በቬነስና በሜርኩሪ መካከል ማለፍ ያለባት ኮሜት በእናንተ ሥዕል የቬነስን መንገድ ታክካ ትመለሳለች። በሩቅ ጫፍ በኩል ግን ያው 5 ሚሊ ሜትር ዓይን አይገባም። በጣም በተለጠጠ ሞላላ ስሕተቱ ሁሉ የሚጠራቀመው ፀሐይ አጠገብ ነው።

ከ1.2 ከበለጠ ቀለበቱን አሳጥሩ፤ ካነሰ አስረዝሙ። ሦስት አራት ጊዜ መቋጠርና መፍታት የተለመደ ነው፤ አይታክታችሁ።

4. አሁን ሣሉ። ክሩን ወጥራችሁ፣ እርሳሱን ቀጥ አድርጋችሁ ይዛችሁ፣ ከሩቅ ጫፍ ጀምራችሁ ወደ ፀሐይ ኑ። ቋጠሮው በሁለቱ ሚስማሮች መካከል ባለው ቀጥ ያለ ክር ላይ ይሁን፤ እርሳሱ ላይ ከደረሰ መስመሩ ይዘላል። ፀሐይን የምትዞሩበት ቦታ ላይ ቀስ በሉ፤ እጅ የሚቸኩለው እዚያ ነው፣ ጠመዝማዛው የሚጠብበትም እዚያው ነው። የላይኛውን ግማሽ ጨርሳችሁ፣ ክሩን አዙራችሁ የታችኛውን ሣሉ።

ሲያልቅ በፀሐይ ነጥብ ላይ ከመጀመሪያው መስመር ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን የሚሠራ መስመር ወደ ላይና ወደ ታች አስምሩ። የሞላላውን መስመር በሁለቱም በኩል በ2.3 ሴ.ሜ ላይ መንካት አለበት። አንዱ 2.1፣ ሌላው 2.5 ከሆነ ሚስማሩ አዘንብሏል። ሁለቱም እኩል ግን ከ2.3 የበለጡ ከሆነ ቀለበቱ ረዝሟል።

5. የፕላኔቶችን ምህዋር ጨምሩ። ፀሐይን ማዕከል አድርጋችሁ በኮምፓስ ክብ አዙሩ፦ ሜርኩሪ 0.8 ሴ.ሜ፣ ቬነስ 1.4፣ መሬት 2.0፣ ማርስ 3.0፣ ጁፒተር 10.4። ለሳተርን 19.1፣ ለዩራነስ 38.4፣ ለኔፕቱን 60.1 ኮምፓሱ አይደርስም፤ ቀጭንና ረጅም የካርቶን ቁራጭ ወስዳችሁ በአንድ ጫፉ ለፀሐይ ሚስማር፣ በሌላው ለእርሳስ ቀዳዳ ብሱና አዙሩ። የእነዚህም የጁፒተርም ሙሉ ክብ ወረቀቱ ላይ አይገባም፤ የሚታየውን ቅስት ብቻ ሣሉ።

የፀሐይን ትልቅነት ለማሳየት ብላችሁ ቢጫ ክብ አትሣሉ። በዚህ ልኬት ፀሐይ ከ0.2 ሚሊ ሜትር አትበልጥም፤ የሚስማሩ ቀዳዳ ራሱ ይበልጣታል። የኮሜቷ አካል ደግሞ ረጅሙ ወገኑ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ 2 ናኖ ሜትር ይሆናል፤ ይህን የሚሥል እርሳስ የለም።

6. አቅጣጫውን አስቀምጡ። ሥዕሉን ከላይ፣ ማለትም ከሰሜን በኩል እንደምታዩት ቁጠሩ። ፕላኔቶቹ ሁሉ የሰዓት ቆጣሪ ከሚዞርበት በተቃራኒ ይዞራሉ፤ ሃሌይ ግን እንደ ሰዓት ቆጣሪ ትዞራለች። ስለዚህ በላይኛው መስመር ከፀሐይ ትሸሻለች፣ በታችኛው መስመር ትመለሳለች። ቀስት አድርጉበት። ይህን መገልበጥ ከስሕተቶች ሁሉ የተለመደው ነው፤ ሰው ሁሉም ነገር በአንድ አቅጣጫ ይዞራል ብሎ ስለሚገምት ነው።

ጅራት መሣል ከፈለጋችሁ ሁልጊዜ ከፀሐይ በተቃራኒ በኩል አድርጉት። ጅራቱ ከሩጫው ኋላ የሚቀር አቧራ አይደለም፤ የፀሐይ ንፋስና ብርሃን የሚገፉት ነው። ኮሜቷ በላይኛው መስመር ስትሸሽ ጅራቱ ከፊቷ ይቀድማል። ከ6 ሴ.ሜ ወዲያ ጅራት አትሣሉ፤ ከ3 አሃድ ገደማ ማዶ የውኃው በረዶ በብርቱ አይተንም።

7. የዓመታት ነጥቦችን አስቀምጡ። ሥዕሉ ለጥያቄው መልስ የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው። የሚከተለው ርቀት ከፀሐይ ነጥብ ቀጥታ የሚለካ ነው። ማስመሪያውን በፀሐይ ላይ ተክላችሁ፣ ርቀቱ የሞላላውን መስመር እስኪነካ ድረስ አዙሩና ነጥብ አድርጉ። በሞላላው መስመር ላይ እየሄዳችሁ አትለኩ።

- ከቅርብ ጫፍ 6 ወር፦ 6.0 ሴ.ሜ
- 1 ዓመት፦ 9.8 ሴ.ሜ
- 2 ዓመት፦ 15.8 ሴ.ሜ
- 5 ዓመት፦ 28.5 ሴ.ሜ
- 10 ዓመት፦ 42.8 ሴ.ሜ
- 20 ዓመት፦ 60.0 ሴ.ሜ
- 30 ዓመት፦ 68.3 ሴ.ሜ
- 37 ዓመት ከ8 ወር ገደማ፦ 70.2 ሴ.ሜ (ሩቅ ጫፍ)

እያንዳንዱ ርቀት ሁለት ነጥብ ይሰጣችኋል። በላይኛው መስመር ላይ ከየካቲት 1978 ወደ ፊት ትቆጥራላችሁ፦ ነሐሴ 1978፣ ከዚያ የካቲት 1979፣ 1980፣ 1983፣ 1988፣ 1998፣ 2008። በታችኛው መስመር ላይ ከሐምሌ 2053 ወደ ኋላ፦ ጥር 2053፣ ከዚያ ሐምሌ 2052፣ 2051፣ 2048፣ 2043፣ 2033፣ 2023።

አሁን ወረቀቱን እዩት። ከጁፒተር ክብ ውስጥ የምትቆየው ገብታ እስክትወጣ ሁለት ዓመት ትንሽ ቢያልፍ ነው። ከ1998 እስከ 2033 ያሉት 35 ዓመታት ደግሞ በመጨረሻዎቹ 10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ተጠቅጥቀዋል፤ ከኔፕቱን ቅስት ማዶ። ፀሐይ አጠገብ በሰከንድ 54.5 ኪሎ ሜትር ትበራለች፤ ሩቅ ጫፍ ላይ 0.9 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ነጥቦቹን በእኩል ርቀት የደረደረ ሰው ሥዕሉ ቢያምርም መልሱ ሐሰት ነው።

8. ሌላ ዓመት ከፈለጋችሁ በካልኩሌተር አስሉ። ኮሜቷ በዚህ ዓመት የት ናት ብሎ በቀጥታ ማስላት አስቸጋሪ ስለሆነ ከኋላ ጀምሩ፦ ከ0 እስከ 3.14 ያለ አንድ ቁጥር ምረጡና «ሀ» በሉት።

ዓመት = 12.01 × (ሀ − 0.967 × ሳይን ሀ)
ርቀት በሴ.ሜ = 35.67 × (1 − 0.967 × ኮሳይን ሀ)

ሀ 1 ቢሆን 2.24 ዓመትና 17.0 ሴ.ሜ ታገኛላችሁ። የምትፈልጉት ዓመት እስኪመጣ ሀን ከፍ ዝቅ አድርጉ። ካልኩሌተሩ በራዲያን መሆን አለበት። በዲግሪ ከሆነ ለዚያው ሀ 11.8 ዓመትና 1.2 ሴ.ሜ ያወጣላችኋል፤ ከ12 ዓመት ገደማ ጉዞ በኋላ ኮሜቷ ገና ፀሐይ ሥር ናት እንደ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ውጤት ካያችሁ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ።

ይህ ስሌት የተቃኘው ከ1978 እስከ 2053 ላለው ዙር ነው። ጁፒተርና ሳተርን ስለሚጎትቷት ዙሩ ሁሉ እኩል አይደለም፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1835 እስከ 1910 የነበረው 74.4 ዓመት፣ ከ1910 እስከ 1986 የነበረው 75.8 ዓመት ፈጅቷል። ስለዚህ በዚህ ቁጥር ወደ ጥንት ተመልሳችሁ ቀን ለማውጣት አትሞክሩ።

9. ዘንበል አድርጉት። ወረቀቱን ያየ ሰው ሁሉ «የፕላኔቶቹን መንገድ ሁሉ እየቆረጠች ነው፤ አትጋጭም?» ይላል። የወረቀት ሥዕል ሁሉንም በአንድ ንጣፍ ላይ ስለሚያሳይ ነው። የሃሌይ ምህዋር ከፕላኔቶቹ ንጣፍ 18 ዲግሪ ገደማ ያዘነበለ ነው። ለማሳየት፦

ያንኑ ቀለበት ተጠቅማችሁ ሞላላውን በቀጭን ካርቶን ላይ ደግማችሁ ሣሉና ቁረጡት። ፀሐይን ማዕከል አድርጋችሁ፣ በላይኛው (በሚሸሸው) መስመር ላይ 1.7 ሴ.ሜ፣ በታችኛው (በሚመለሰው) መስመር ላይ 3.6 ሴ.ሜ ለክታችሁ ሁለት ነጥብ አድርጉ። ሁለቱን በማስመሪያ አገናኙ፤ መስመሩ በፀሐይ ላይ ማለፍ አለበት። ካላለፈ ሞላላው ተበላሽቷል፤ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ። ኮሜቷ የፕላኔቶቹን ንጣፍ የምታቋርጠው በእነዚህ ሁለት ነጥቦች ብቻ ነው።

ሌላ ካርቶን ላይ በ11 ሴ.ሜ ሬዲየስ ክብ ቆርጣችሁ እስከ ጁፒተር ያሉትን ምህዋሮች ሣሉበት። በመሃሉ ላይ በካተር ስንጥቅ አድርጉ፦ ከማዕከሉ በአንድ በኩል 1.8 ሴ.ሜ፣ በተቃራኒው 3.7 ሴ.ሜ፤ ስፋቱ የካርቶኑን ውፍረት ያህል። ካተሩን ከእጃችሁ ወደ ውጭ አስኪዱ፤ ሥር ያለውን ጠረጴዛም በሌላ ካርቶን አልብሱ። ልጆች ካሉ ይህን ክፍል አዋቂ ይሥራው።

የሞላላውን ቅርብ ጫፍ ከክቡ ሥር ወደ ላይ በስንጥቁ አስገቡ፤ የተሣለበት ፊት ወደ ላይ ይሁን፣ የ1.7 ነጥብ በአጭሩ የስንጥቅ ወገን ይውጣ። ያሰመራችሁት መስመር ከስንጥቁ ጋር ሲገጥም አቁሙ። ክቡን በሣጥኑ ጠርዝ ላይ አስቀምጡ፦ የቅርብ ጫፍ ወገን ሣጥኑ ላይ ይረፍ፣ ስንጥቁ ከጠርዙ ትንሽ ወጣ ይበል፣ ረጅሙ የሞላላ አካል ከሣጥኑ ውጭ ይንጠልጠል። ክቡ እንዳይገለበጥ በፕላስተር ያዙት። የክቡ ከፍታ ከጠረጴዛው 20 ሴ.ሜ ከሆነና ሩቅ ጫፍ ጠረጴዛውን ከነካ ዝንባሌው ልክ ነው፤ ማዕዘን መለኪያ አያስፈልጋችሁም። ሩቅ ጫፍ በእውነቱ ከፕላኔቶቹ ንጣፍ 10 አሃድ ያህል በታች ስለሆነ ነው። ካርቶኑ መሃሉ ላይ ከረገበ ከሥሩ ቀጭን እንጨት ለጥፉለት።

አሁን ግጭቱን ፈልጉ። ንጣፉን ስትወርድ የምታቋርጠው በቬነስና በመሬት ምህዋር መካከል ነው፤ ስትወጣ ደግሞ ከማርስ ማዶ። ጁፒተር፣ ሳተርንና ዩራነስ ጋ ስትደርስ ከሥራቸው ነው የምታልፈው።

ቦታ ላጠራችሁና ለሌላ ኮሜት

ለኤ3 ወረቀት ልኬቱን በግማሽ ቀንሱ፦ ሚስማሮቹ በ34.5 ሴ.ሜ፣ ድርብ ቀለበቱ 35.1 ሴ.ሜ። ቅርብ ጫፍ ግን 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚሆን የክር ስሕተት በእጥፍ ይጎላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው ባይሞክረው ይሻላል።

ለማንኛውም ኮሜት ሁለት ቁጥር ይበቃችኋል፦ ቅርብ ጫፍና ሩቅ ጫፍ። በሚስማሮቹ መካከል ያለው ርቀት የሁለቱ ልዩነት ነው፤ ድርብ ቀለበቱ ሩቅ ጫፍን ያህላል። በ3.3 ዓመት አንድ ጊዜ የምትዞረው ኤንኬ 0.34 እና 4.09 አሃድ አላት፤ 1 አሃድን 4 ሴ.ሜ ብታደርጉ ሚስማሮቹ በ15.0 ሴ.ሜ፣ ቀለበቱ 16.4 ሴ.ሜ ይሆናል፤ ኤ4 ላይ ይገባል። ክር ማሰር ገና ካልለመዳችሁ በኤንኬ ጀምሩ፤ ሞላላዋ እንደ ሃሌይ ስላልተለጠጠ ቀለበቱ በአንድ ሚሊ ሜትር ቢስት አይቀጣችሁም።